ኦክስጅኑ አየር ላይ፣ ማሽኑ ኮሪደር ላይ፣ በሽተኛው ወረፋ ላይ!

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ አበው። ይህ ተረት በቅጡ የገባኝ ወንዝ ዳር ቆሜ አይደለም። እዚሁ ሐዋሳ፣ ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ማሽን ላይ በተገጠመች አንዲት የውኃ ጠርሙስ ላይ ዓይኔን ተክዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ዓመት ከመንፈቁ ነው። የሳንባ ምች ያዘውና ታቅፈነው ሮጥን። ደረቱ ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ፣ ከንፈሩ እየጠቆረ ነበር። ተረኛዋ ነርስ የልብስ መቆንጠጫ የመሰለች ነገር ጣቱ ላይ ሰካች፤ 81 የሚል ቁጥር ወጣ። «ደሙ ውስጥ ኦክስጅን አንሷል። ከ90 በታች ከወረደ መስጠት አለብን» አለች። ወዲያው ባለጎማ ማሽን እየተገፋ መጣ። ሶኬቱ ተሰካ፣ ቀጭኗ ቱቦ አፍንጫው ሥር ተደረገች፣ በጠርሙሷ ውስጥ ያለው ውኃ መፍለቅለቅ ጀመረ። ማሽኑም በየጥቂት ሰኮንዱ «ፒሽ... ፒሽ...» ይላል። እህቴ «ተመስገን ጌታዬ!» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። ቁጥሩ 81፣ 82፣ ደግሞ 80። ውኃው ይፍለቀለቃል፤ ልጁ ይጠቁራል። ከጎናችን የልጅ ልጃቸውን የሚያስታምሙ፣ ከአለታ ወንዶ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ማሽናችንን ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩና «የኔ ልጅ፣ እዚህች ጋ ፕላስተር ምን ይሠራል?» አሉኝ። እውነትም ማሽኑ ፊት ላይ ቁራጭ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል። ላጥ ባደርገው ከሥሩ ቢጫ መብራት ቦግ ብሎ በርቷል። ነርሷን ጠራኋት።

«እሱማ ሁልጊዜ ይበራል» አለች። ድምጿ ውስጥ ድካም እንጂ ክፋት አልነበረም። «ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ? ሁሉም ማሽን ይፍለቀለቃል። የትኛው ኦክስጅን እንደሚሰጥ ግን እኔም አላውቅም።»

ከሌላ ክፍል አንድ ሲሊንደር ተለምኖ፣ እየተንከባለለ መጣ። ከተገጠመ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ቁጥሩ 93 ገባ። ልጁም አለቀሰ። የሕፃን ለቅሶ እንደዚያ ሌሊት ጣፍጦኝ አያውቅም። የአዛውንቱ የልጅ ልጅ ግን የተኛው እንደኛው ባለ ማሽን ላይ ነበር። ለእኛ የተለመነው ሲሊንደር አንድ ብቻ ነው። ጠዋት ስነቃ አልጋቸው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ምን እንደ ሆኑ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ሲነጋ የሆስፒታሉን መሣሪያ ጠጋኝ፣ ባዮሜዲካል የሚባለውን ባለሙያ፣ ፈልጌ አገኘሁት። ወጣት ነው። የእጅ ስልክ የምታህል መለኪያ ከኪሱ አውጥቶ ከዚያ ማሽን የሚወጣውን አየር ለካ። ከዘጠና በላይ መሆን የነበረበት 31 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። ማናችንም ከውጭ የምንተነፍሰው አየር 21 ከመቶ ኦክስጅን አለው። እንግዲህ ልጃችን መድኃኒት ተብሎ የተሰጠው፣ በመስኮት ከሚገባው ነፋስ ብዙም ያልተሻለ ነገር ኖሯል ማለት ነው!

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«ድንጋዩ ውኃ ጠጥቶ ነው» አለኝ።

የምን ድንጋይ? ይህን ጥያቄ እኔ ብቻ ሳልሆን፣ አገሩን ሁሉ በማሽን ስጦታ ፎቶግራፍ የሞሉት ሹማምንቶቻችንም ቢጠይቁት ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባላስፈለገ ነበር። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ታገሰኝና ስለ ድንጋዩ ላጫውትህ። ፖለቲካው ከሱ ኋላ ይመጣል።

ባለሙያው ከተጣለ አሮጌ ማሽን የወጡ ፍሬዎችን በብልቃጥ አሳየኝ። ከጤፍ ተለቅ፣ ከማሽላ አነስ ያሉ ነጫጭ ፍሬዎች ናቸው። ስማቸው ዚዮላይት ነው። ስሙን ያወጣላቸው ክሮንስቴት የሚባል ስዊድናዊ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1756 ነበር። ድንጋዩን በእሳት ቢያሞቀው በውስጡ የያዘው ውኃ እየተነነ ሲፈላ አየና በግሪክኛ «የሚፈላ ድንጋይ» አለው። በተፈጥሮ የሚገኘው የእሳተ ገሞራ አመድ ከውኃ ጋር ለብዙ ዘመን ሲገናኝ ነው። እኛ ሐዋሳዎች ደግሞ የምንኖረው በጥንት እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ፣ በሐይቅ ዳር ነው። በስምጥ ሸለቋችን ይህ ማዕድን እንዳለ የጂኦሎጂ ሰዎች ጽፈዋል። እርግጥ ለሕክምና ማሽን የሚገባው በፋብሪካ ተጣርቶ የተሠራው ዓይነት ነው እንጂ ከኮረብታ የተቆፈረው አይደለም። ቢሆንም ነገሩ ከሰማይ የወረደ ምሥጢር አለመሆኑን ልብ በሉልኝ።

ድንጋዩ የሚሠራው እንዴት ነው? ስፖንጅ ውኃ ሲጠጣ ውኃው ወደ ሆዱ ይገባል፤ ይህ መምጠጥ ነው። የቡና ዕጣን የታጠነ ነጠላን ደግሞ አስቡ። ጭሱ ክሩ ውስጥ አልሰመጠም፤ በክሩ ገጽ ላይ ተለጥፎ ነው የቀረው። ነጠላው ነፋስ ሲያገኝ ይለቀዋል። አየርና ጭስ በጠጣር ነገር ገጽ ላይ እንዲህ ሲለጠፍ ሊቃውንቱ አድሶርፕሽን ይሉታል። ቃሉ ከ1881 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ነገሩን ግን ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ ያየው ካርል ሼለ የተባለ ስዊድናዊ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ከሰል ሲቀዘቅዝ አየር እንደሚይዝ፣ ሲሞቅ መልሶ እንደሚለቅ በ1773 አስተዋለ። የሚገርመው፣ ኦክስጅንንም ከሌሎች ቀድሞ ለይቶ ያገኘው ይኸው ሰው ነው። ኦክስጅንና አየር ያዥ ጠጣር ከአንድ የመድኃኒት ቤት ጓዳ ነው የወጡት ማለት ይቻላል።

ታዲያ አንድ እፍኝ ድንጋይ ስንት አየር ሊይዝ ይችላል? ብልሃቱ በቀዳዳው ብዛት ነው። በደንብ የተዘጋጀ የመድኃኒት ከሰል አንድ ግራሙ ብቻ፣ የውስጥ ግድግዳው ሁሉ ቢዘረጋ፣ እስከ 1,000 ካሬ ሜትር ይደርሳል። በከተማችን 200 ካሬ ቦታ ለመመራት ስንት ዓመት ደጅ እንደሚጠና የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አንድ ግራም ከሰል አምስት ባለ 200 ካሬ ቦታ በሆዱ ይዟል፤ ያውም ያለ ጉቦ! ዚዮላይትም በመቶ የሚቆጠር ካሬ ሜትር በግራሙ አለው። በጉድጓዶቹ ውስጥ የተቀመጡት የሶዲየም ወይም የሊቲየም ቅንጣቶች ደግሞ ናይትሮጅንን ከኦክስጅን አብልጠው ይስባሉ።

ማሽኑ እንግዲህ ይህን ጠባይ ይጠቀምበታል። ከክፍሉ አየር ስቦ ይጨምቅና ዚዮላይት በሞላው የመጀመሪያ በርሜል ውስጥ ያሳልፈዋል። ናይትሮጅኑ ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ኦክስጅኑ ግን አልፎ ይሄዳል። ድንጋዩ ከመሙላቱ በፊት ጭምቁ ይለቀቃል፤ ድንጋዩም ናይትሮጅኑን «ፒሽ» ብሎ ይተፋል። በዚያች ሰዓት ሁለተኛው በርሜል ሥራውን ይዟል። እናቶቻችን ሁለት ሆነው በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አንዷ ዘነዘናውን ስታነሳ ሌላዋ እንደምትጥል ማለት ነው። ይህን የሁለት በርሜል ዘዴ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የዘየደው ቻርልስ ስካርስትሮም የሚባል በአሜሪካ የነዳጅ ኩባንያ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ትልልቆቹ የሆስፒታል ኦክስጅን ማምረቻዎችም የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ልዩነቱ የበርሜሉ መጠን ነው። የሚወጣው ኦክስጅን 93 ከመቶ ገደማ ንጹሕ ሲሆን፣ ይህም በዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት መመዘኛ መጽሐፍ ተቀባይነት ያለው ነው።

መድኃኒት የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ክርክሬ እሷ ላይ ነው።

ኦክስጅን እንደ አልጋና እንደ አንሶላ የሆስፒታል ዕቃ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 በደም ውስጥ የኦክስጅን ማነስን ለማከም መሠረታዊ ከሚባሉት መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። መጠን አለው። ሲያንስ ይገድላል። ያለቀኑ ለተወለደ ሕፃን ከልክ በላይ ሲበዛ ደግሞ ዓይን ያጠፋል። ንጽሕናው መለካት አለበት። አሁን ልጠይቃችሁ። አንድ ፋርማሲ አምፒሲሊን ብሎ የኖራ ዱቄት ቢሸጥ ምን ይደረጋል? ይታሸጋል፤ ባለቤቱ ይታሰራል፤ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። 31 ከመቶ የሆነ አየር «ኦክስጅን» ተብሎ ለሕፃን ሲሰጥ ግን የሚታሸገው ማንቂያ መብራቱ ነው፤ በፕላስተር!

ይኸው የገጽ ላይ መለጠፍ ጥበብ በመድኃኒት ቤት ሌላም ሥራ አለው። በክኒን ጠርሙስ ውስጥ «አይበላም» ተብሎ የሚገባው ትንሹ ከረጢት ሲሊካ ጄል ይባላል፤ ክኒኑን የሚያበላሸውን እርጥበት ይይዛል። መርዝ ወይም የበዛ ክኒን የዋጠ ሰው ቶሎ ሐኪም ቤት ከደረሰ የሚሰጠው ጥቁር ዱቄትም ልዩ ዝግጅት የተደረገለት ከሰል ነው፤ መርዙ ወደ ደም ሳይገባ ገጹ ላይ ይለጥፈዋል። (የማንደጃ ከሰል ግን ይህን አይሠራም፤ ነጭ ጋዝ ወይም በረኪና ለጠጣ ሰውም የመድኃኒቱ ከሰል አይጠቅምም። ማንም ቤቱ እንዳይሞክረው!)

የዚህን ጥበብ እጦት ደግሞ ኢትዮጵያውያን በደም እናውቀዋለን። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መርዝ ጋዝ ሲመጣ፣ አውሮፓውያን በከሰል የተሞላ የፊት ጭንብል ለወታደሮቻቸው አደሉ። ጋዙ ከሰሉ ላይ ይለጠፋል፤ ሳንባ ይተርፋል። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን ስታዘንብብን ግን አብዛኛው አርበኛ ጭንብል ቀርቶ ጫማም አልነበረው። ያ ጋዝ ቆዳንም የሚያቃጥል ስለሆነ ጭንብሉ ብቻውን ባላዳነን ነበር፤ ዓይንና ሳንባ ግን በተረፈ። ንጉሠ ነገሥቱም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው ይህንኑ ግፍ ለዓለም ተናገሩ። ያኔ የገደለን የውጭ ጠላት ነው። ዛሬስ? ድንጋዩ በእጃችን አለ። ማሽኑ ኮሪደራችን ላይ ቆሟል። ዛሬ ማንን ነው የምንከሰው?

ወደ ኮሪደሩ እንመለስ። ያ ወጣት ባለሙያ በሆስፒታሉ ጀርባ ወሰደኝ። ስድስት ማሽኖች አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል። ግማሾቹ ላይ የለጋሹ ድርጅት ምልክት ገና አልተላጠም። «የተሰበረ ነገር የላቸውም» አለኝ። «ድንጋያቸው ነው የሰመጠው።»

አሰማመጡም እንዲህ ነው። ዚዮላይት ናይትሮጅንን ቢወድም ውኃን ደግሞ ከናይትሮጅን አስበልጦ ይወዳል። ናይትሮጅን ጭምቁ ሲለቀቅ ይወጣል። ውኃ ግን አንዴ ከገባ እንደ ቀበሌ ቤት ተከራይ ነው፤ አይወጣም። ቦታው ሁሉ በእርጥበት ሲያዝ ናይትሮጅን የሚለጠፍበት ያጣና ከኦክስጅኑ ጋር ተያይዞ ያልፋል። ማሽኑ ይጮኻል፣ ውኃው ይፍለቀለቃል፣ የሚወጣው ግን ተራ አየር ነው። ሐዋሳ የሐይቅ ዳር ከተማ ናት፤ ክረምቱም አለ። እርጥበትና አቧራ እንዳይገባ የሚከላከሉት ፊልተሮች ናቸው። ከኋላው ያለችው ስፖንጅ በየሳምንቱ በውኃና በሳሙና መታጠብ ብቻ ነው የምትፈልገው። የውስጡ ፊልተር በየጊዜው ይቀየራል። ለዚህም የሚወጣው ገንዘብ ከማሽኑ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ይህ ነው። እነዚህ ማሽኖች ሳይሠሩ ለረዥም ጊዜ ሲቀመጡም ድንጋያቸው ቀስ በቀስ እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ባይፈለጉም አልፎ አልፎ መነሳት አለባቸው። በእኛ አገር ግን የተለገሰ ዕቃ የት ነው የሚቆየው? መጋዘን! እስከ መቼ? ርክክቡ በኮሚቴ እስኪጸድቅ፣ ከዚያ ክቡርነታቸው እስኪመቻቸው፣ ከዚያ ባነሩ ታትሞ፣ ሪባኑ ተገዝቶ፣ ካሜራው እስኪመጣ! ዚዮላይት የፕሮቶኮል ሹም አይደለም፤ ቆሞ አይጠብቅም። ሪባኑ በሚቆረጥበት ቀን ድንጋዩ ቀድሞ ሰምጦ ሊሆን ይችላል። ጭብጨባው የቀብር ጭብጨባ ነው!

«ጨለምተኛ» እንዳልባል ሐቁን ሁሉ ልናገር። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2021 የሚዘልቅ የሕክምና ኦክስጅንና የጣት መለኪያ ማስፋፊያ ፍኖተ ካርታ አውጥቶ ነበር። ከብዙ አገሮች ቀድሞ ማውጣቱ የሚያስመሰግነው ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በአገራችን ከተገኘ በኋላም የኦክስጅን ማምረቻዎች ቁጥር ጨምሯል። ችግሩም የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ዘገባ በዓለም 5 ቢሊዮን ያህል ሰው የሕክምና ኦክስጅን በሚገባ እንደማያገኝ ገልጿል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን ወገኖቼ፣ ማሽን መቁጠርና ኦክስጅን መቁጠር አንድ አይደለም። በየሪፖርቱ የምንሰማው «ይህን ያህል ማሽን ገባ» የሚል ነው። «ዛሬ ጠዋት ስንቱ ከ90 ከመቶ በላይ ሰጠ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም።

«በጀት የለም» የሚለው የተለመደ መልስ እንደሚመጣም አውቃለሁ። እሺ፣ በጀት እንቁጠር። ባለ 40 ሊትሩ ትልቅ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በደቂቃ 5 ሊትር ለሚወስድ በሽተኛ 20 ሰዓት ይበቃል። በደቂቃ 15 ሊትር ለሚፈልግ፣ በኮሮና ጊዜ እንዳየናቸው ዓይነት ለጠናበት ሰው፣ ሰባት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ለብዙ ዓመታት የክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ሲሊንደራቸውን የሚያስሞሉት አዲስ አበባ እየላኩ ነበር። ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 550። ነዳጁን፣ አበሉን፣ ጎማውን ደምሩት። ይህ ሁሉ እንግዲህ ለምን? በአየር ላይ በነጻ ላለ ነገር!

በሌላ በኩል፣ በደቂቃ 5 ሊትር የሚሰጥ አንድ ማሽን ከ300 እስከ 400 ዋት ያህል ነው የሚፈጀው። እንጀራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። አንድ ምጣድ በሚፈጀው መብራት አሥር ማሽን ይነሳል። አንድ ማሽን ደግሞ በደቂቃ አንድ ሊትር ለሚበቃቸው አምስት ሕፃናት ሊከፋፈል ይችላል። በአንድ ምጣድ ሃምሳ ሕፃን! ከዚህ የረከሰ ሕይወት ማዳኛ የት ይገኛል?

«መብራቱስ?» ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ናችሁ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ዝም ነው፤ ሲመለስ ደግሞ እየተወራጨ መጥቶ ኮምፕሬሰር ያቃጥላል። ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ደስ ብሎኛል፤ ቦንዱን የገዛነው እኛው ነንና። ነገር ግን ከግድቡ እስከ ሕፃኑ አፍንጫ ያለው የመጨረሻው ሽቦ ካልታሰረ፣ የጉባው ብርሃን ለሐዋሳው ልጅ ምኑ ነው? ሕፃናት ለሚተኙበት ክፍል የማይቋረጥ መስመርና ባትሪ መዘርጋት ግድብ ከመገደብ ይከብዳል? አይከብድም። ካሜራ ስለሌለው ነው እንጂ!

ስለዚህ እንዲህ ይደረግ እላለሁ።

አንደኛ፣ መለኪያ። በኪስ የምትያዘው የኦክስጅን ንጽሕና መለኪያ እያንዳንዱ ሆስፒታል ይኑረው። በየሳምንቱ ሰኞ እያንዳንዱ ማሽን ይለካና ቁጥሩ ከነቀኑ በወረቀት ተጽፎ ፊቱ ላይ ይለጠፍ። ፕላስተሩ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው። ከ82 ከመቶ በታች የሰጠ ማሽን በሽተኛ ዘንድ እንዳይደርስ፤ የማሽኖቹ ማንቂያ የሚበራበት ልክም ይኸው ነውና። አስታማሚም ይልመድ፤ «ሲስተር፣ ይኼ ማሽን ስንት ነው የሚሰጠው?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። የሚፈላውን ውኃ አትመኑ፤ ቁጥሩን ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ሒሳብ። የክልሉ ጤና ቢሮም ሆነ ሚኒስቴሩ በየሩብ ዓመቱ የተለገሰውን ሳይሆን የሚሠራውን ማሽን ቁጥር ለሕዝብ ያውጣ። ስንት ገባ፣ ስንት ይሠራል፣ ስንት ቆሟል፣ የቆመው በምን ምክንያት ነው? አራት መስመር አይሞላም። የሚደበቅ ምን አለው?

ሦስተኛ፣ ፊልተሩና ድንጋዩ በመድኃኒት በጀት ይገዛ። ኦክስጅን መድኃኒት ከሆነ የኦክስጅን ማጣሪያም የመድኃኒት ቅመም ነው። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው እንደ መኪና መለዋወጫ ነው፤ ጨረታው ሲወጣ ዓመቱ ያልቃል። ጠጋኙም ሰው ይታሰብ። ጅማ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ባዮሜዲካል መሐንዲሶች ያስመርቃሉ። ታዲያ ሆስፒታል ሲመጡ አምፖል ቀያሪ ናቸው የሚደረጉት። ያ ወጣት መለኪያውን የገዛው ከደመወዙ ቆጥቦ ነው። ሆስፒታሉ አልሰጠውም። «ለምን ገዛህ?» ብለው «ቁጥሩን ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለኝ። አገር የሚያቆሙት እንዲህ ያሉት ናቸው፤ ሽልማት ሲታደል ግን ስማቸው አይጠራም።

አራተኛ፣ ማሽን መጋዘን አይደር። የመጣ ዕለት ይነሳ፣ ይለካ፣ ሥራ ይጀምር። ሪባን ካስፈለገ ከዓመት በኋላ ይቆረጥ፤ ያን ጊዜ ማሽኑ እየሠራ ከተገኘ እኔም ከሰልፈኞቹ ጋር ቆሜ አጨበጭባለሁ። ቃሌ ነው!

ይህን ስጽፍ አንድ ወዳጄ «አንተ ደግሞ ፖለቲካው ሁሉ አልቆብህ ድንጋይ ላይ ወረድክ?» ብሎ ቀለደብኝ። አልወረድኩም። ፖለቲካ ማለት ይኸው ነው። አየር ለሁሉም እኩል የተሰጠ ብቸኛ ሀብት ነው፤ ግብር የለው፣ ሊዝ የለው፣ መታወቂያ አይጠይቅ። ከዚህ እኩል ከተሰጠን ሀብት ውስጥ ለታመመ ልጅ የሚሆነውን ድርሻ ለይቶ መስጠት ያቃተው አስተዳደር፣ ያልተሰጠንን ሀብት እንዴት ያካፍለናል?

የእህቴ ልጅ ድኗል፤ ግቢ ውስጥ ዶሮ እያባረረ ነው። አዛውንቱን ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም። ፕላስተሩን ያዩት እሳቸው ናቸው። የኛን ልጅ ያዳነው የሳቸው ዓይን ነው። ለሳቸው ልጅ የደረሰ ዓይን ግን አልነበረም። አንድ ቀን በገበያም በመናኸሪያም ባገኛቸው የልጅ ልጃቸውን ደኅንነት እጠይቃቸዋለሁ፤ መልሱን እየፈራሁ።

እናንተም ከጎናችሁ ያለው ማሽን ሲፍለቀለቅ ስታዩ ለምስጋና አትቸኩሉ። መጀመሪያ ፕላስተሩን ላጡት።

ቸር ይግጠመን!